ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ ያጎላል» የሚል ቴሌስኮፕ ካያችሁ እለፉት

ሰማይ ላይ ትንንሽ የኮከብ ቅርጾችን ለማየት ቴሌስኮፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በኦንላይን የገዛውን ቴሌስኮፕ «ምንም አያሳየኝም፣ እስቲ እየው» ብሎ አመጣልኝ። የመስታወቱ ስፋት 76 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ (መስታወቱ ብርሃኑን አንድ ቦታ የሚሰበስብበት ርቀት) 700 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄ ግን በደቃቅ ፊደል ነው የተጻፈው። በትልቁ የተጻፈው «525 እጥፍ» የሚለው ነው። አጠገቡ ደግሞ ያ ቴሌስኮፕ በሕልሙም የማያየው ባለቀለም የኔቡላ (የጠፈር ጋዝና አቧራ ደመና) ፎቶ አለ።

525 ከየት መጣ? 700ን አብሮት ለሚመጣው የ4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ስታካፍሉት 175 ይሆናል። በዚያ ላይ ሦስት እጥፍ የሚያጎላው የፕላስቲክ ባርሎ ሌንስ ሲጨመር 525። ስሌቱ ልክ ስለሆነ ሻጩን ዋሸህ ብትሉት አያዋጣችሁም። ያልነገራችሁ ነገር ግን አለ። አንድ ቴሌስኮፕ የሚጠቅም ነገር የሚያሳየው፣ ቢበዛ የስፋቱን ሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ሲያጎላ ነው። 76 ሚሊ ሜትር ከሆነ 150 አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የምታገኙት ትልቅና ደብዛዛ ብርሃን ነው።

ለኮከብ ቅርጽ ፈላጊ ነገሩ ይብሳል። ባጎላችሁ ቁጥር የምታዩት ሰማይ ይጠባል። በ525 እጥፍ የሚታየው የሙሉ ጨረቃን ወርድ አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። ቩልፔኩላ በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለው «የኮት መስቀያ» የሚባል የኮከብ ቅርጽ ግን ሦስት ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ነው የሚያህለው። ስድስት ኮከቦች በመስመር፣ አራቱ ደግሞ መንጠቆውን ይሠራሉ፤ በጣም ያምራል። በ525 እጥፍ የምታዩት ግን ከአንዱ ኮከብ አይበልጥም። እሱም መሬት ስለምትዞር 20 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይወጣል። ትራይፖዱ ደግሞ ገና ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። እስኪረጋ ኮከቡ የለም!

«ትንንሾቹስ?» ትሉ ይሆናል። ኦሪዮን በሚባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ኤንጂሲ 2169 የሚባል የኮከብ ክምችት አለ፤ ኮከቦቹ ተሰልፈው «37» የሚል ቁጥር ይሠራሉ። ከደቃቆቹ አንዱ ነው። ለእሱም 100 እጥፍ ከበቂ በላይ ነው።

«የኬምብል ፏፏቴ» የሚባለውን ረጅም የኮከቦች ሰልፍ ደግሞ ካናዳዊው መነኩሴ ሉሺያን ኬምብል ያስተዋለው በምን ይመስላችኋል? 7 እጥፍ በሚያጎላ ባይኖኩላር። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ባለ 10 በ50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ግዙ። በአንዴ ከአስር ጨረቃ ወርድ ያላነሰ ሰማይ ያሳያል፤ ነገ ኮከብ ቢሰለቻችሁ እንኳ ወፍ ታዩበታላችሁ። የግድ ቴሌስኮፕ ነው የምንገዛው ካላችሁ መጀመሪያ ስፋቱን ጠይቁ። ቀጥሎ የዓይን ሌንሱ ማስገቢያ 31.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን አረጋግጡ። 24.5 ከሆነ በኋላ የተሻለ ሌንስ መግዛት ብትፈልጉ እንደ ልብ አይገኝም። ቱቦው አጭር ሆኖ የትኩረት ርዝመቱ 1000 የሚል ባለ 114 ሚሊ ሜትርም ባትገዙ ይሻላል። ብዙዎቹ ውስጣቸው ርካሽ ተጨማሪ ሌንስ አለ፤ ማስተካከሉም ራስ ምታት ነው።

አንዴ ገዝታችሁ መመለስ ካቃታችሁ፣ ባርሎውንና የ4 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ መሳቢያ ውስጥ ክተቷቸው። አብሮት በሚመጣው የ20 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ብቻ ተጠቀሙ። 35 እጥፍ ይሆናል፤ የወዳጄ ቴሌስኮፕም በዚያ ደህና ነው። የሰሜን ኮከብ እንደ ፈርጥ የሚያበራበት «የቀለበት» ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ይገባላችኋል።

በካርቶኑ ውስጥ ከዓይን ሌንሱ ጋር የምትገጠም ትንሽ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ ካገኛችሁ ግን ለአንድ ጊዜም አትሞክሯት። የተሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት ያለው እዚያው ነው፤ እያያችሁ ሳለ ልትሰነጠቅ ትችላለች፤ ዓይን ይጠፋል። የፀሐይ ማጣሪያ የሚገጠመው ከፊት፣ በቱቦው አፍ ላይ ነው። ያችኛዋን ልጆች እንዳያገኟት ሰባብራችሁ ጣሏት።