ደሴ ላይ የመኪና በር የምታስለብሱ ሰዎች፣ ከቆዳው ጀርባ ያለውን ሳታዩ አትክፈሉ

ዛሬ የቮልሴን በር ውስጠኛ ልባስ በእጄ ነቅዬ አወጣሁት። መንቀል እንኳ አይባልም፤ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ እየተቦጨቀ መጣልኝ። ያሠራሁት በሰኔ ነው፤ ክረምቱ ገና አልወጣም። የከፈልኩት ሰባት ሺህ ብር ነው። ሠሪውን ስሙን ባልጠራውም ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ሥራ ሲቀበል ሻይ ያስመጣል፣ ናሙና ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ «ለእርስዎማ እንደ ራሴ መኪና ነው የምሠራው» ይላል፣ ቀብዱን ኪሱ ከከተተ በኋላ ግን ስልክ አያነሳም።

ናሙናው ግን እንከን አልነበረውም። ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ሰሌዳ)፣ ንብርብሩ ጠርዙ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ፣ ጀርባው ቨርኒሽ የጠጣ። በላዩ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ። ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚሆነው ይኸው ነው። ፋብሪካው ራሱ በዘመኑ የተጠቀመው ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ሰሌዳ ነበር፤ እሱም ውሃ ካገኘው ያብጣል። ከእንጨት ፍርፋሪና ቃጫ የሚጨመቁት ችፑድና ኤምዲኤፍ ደግሞ ከዚያ አይሻሉም፤ አንዴ ካበጡ ወደ ቦታቸው አይመለሱም፣ ከቆርቆሮው ጋር የሚይዟቸው ትንንሽ መቆንጠጫዎችም ይለቃሉ።

የበር ውስጥ ደረቅ ቦታ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በመስታወቱ ጠርዝ ሾልኮ የሚገባው ዝናብ በበሩ ሆድ ውስጥ ወርዶ ከግርጌው ባሉት ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው። ስለዚህ ነው በቆርቆሮውና በልባሱ መካከል ላስቲክ የሚወጠረው። በሐምሌ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን በዝናብና በጉም የወጣ ሰው ስለየትኛው ውሃ እንደማወራ ይገባዋል። የእኔ በር ውስጥ ላስቲክ የሚባል ነገር የለም። ሰሌዳም የለም።

ያለው ካርቶን ነው። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን፣ ድርብ አድርገው በማስቲሽ ያጣበቁት። የተረፈውን ቁራጭ ስገለብጠው ቡናማው ወረቀት ላይ ጃንጥላ ታትሞበታል፤ ከጃንጥላው በላይ ደግሞ የዝናብ ነጠብጣብ። ከዝናብ ጠብቁኝ ማለቱ ነው! ውሃ እንዲችል ገንዘብ የከፈልኩበት ነገር እኔን ጠብቀኝ ይለኛል።

ቁራጩን ይዤ ወደ ሠሪው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጣቴን ጃንጥላው ላይ አሳረፍኩና «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። አየው። አልደነገጠም፣ አላፈረም፣ የያዘውን መቀስ እንኳ አላስቀመጠም። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ከውስጥ ነው። ማን ያየዋል ብለው ነው?» አለኝ። አብረውት የሚሠሩት ልጆች ሳቁ። ወንበር ሲሰፋ የነበረው አንዱ ቀና ሳይል «መኪናዋስ ብትሆን ስንት ክረምት ቀራት?» ሲል ሳቁ ባሰ። ሠሪውም አብሮ ሳቀ። ስለ ገንዘቡ ሳነሳ «ቆዳው እኮ አሪፍ ቆዳ ነው፤ ቆዳውን አይተው ነው የተስማሙት» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

አሮጌዎቹን ልባሶች መልሱልኝ አልኩ። ተቃጥለዋል። ምድጃ ገብተው ቡና ተፈልቶባቸዋል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ መመረቷ ለቆመ መኪና አሮጌው ልባስ ያበጠም ቢሆን መለኪያ ነው፤ የእጀታው፣ የመስታወት ማዞሪያው፣ የእያንዳንዱ መቆንጠጫ ቀዳዳ የሚለካው በእሱ ነው። ካርቶን በመስጠት ብቻ አልተወሰኑም፤ ሌላ ባለሙያ ጋ ሄጄ በትክክል የማሠራበትን መንገድም ዘጉብኝ። ያቺ ኮምፔንሳቶ ናሙና ደግሞ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች፤ ቀጣዩን ደንበኛ ትጠብቃለች።

ብዙ ምክር የለኝም። ቆዳው ከመለጠፉ በፊት ሂዱና ሰሌዳውን በዓይናችሁ እዩ፤ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፋቁት። ቨርኒሹ ቀዳዳዎቹ ከተበሱ በኋላ ይቀባ። ላስቲኩ ሲወጠር ቁሙበት። አሮጌውን ልባስ ለማንም ትታችሁ እንዳትሄዱ። የእኔዋ ባለ ሁለት በር ናት፤ ባለ አራት በር ፔጆ ያላችሁ ሂሳቡን እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት።