9 ሳምንት ከፕላምፒ ነት ጋር

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ማክሰኞ ከፕላምፒ ነት፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት በፓኬት ከሚሰጠው ሕክምና፣ ወጣች። የሰፈር እናቶች "ይሠራል ወይ? ተቅማጥ አያመጣም ወይ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትን አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ልጅቷ 1 ዓመት ከ6 ወሯ ነው። እናቷ ያረፈችው እሷ የ4 ወር ልጅ እያለች ነው። ከዚያ ወዲህ ዴዶ ያሉ አያቷ ናቸው በላም ወተትና በአጥሚት ያሳደጓት። ባለፈው ክረምት ተቅማጥ ያዛት፣ ቀጥሎ ሳል፣ ከዚያ እህል የሚባል እንቢ አለች። አያቷ አዝለው ጅማ እኔ ቤት ሲያመጧት ቆዳዋ ክንዷ ላይ ተሸብሽቦ የሰው ካልሲ ያደረገች ነበር የምትመስለው። አታለቅስም። እኔን ያስደነገጠኝ አለማልቀሷ ነው።

በማግስቱ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሲስተሯ ባለቀለሙን የክንድ መለኪያ ጠመጠመችላት፣ 11.1 ሴንቲሜትር፣ ቀይ። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ክብደቷ 6.3 ኪሎ። ቀጥላ ሁለቱንም እግሮቿን በአውራ ጣቷ ተጭና ትንሽ ቆየችና ለቀቀች። ጎድጉዶ ቢቀር ኖሮ እብጠት ነው፣ ነገሩ ይከብድ ነበር። (በነገራችን ላይ የልጅ እግርና ፊት ሲነፋ "ወፈረ፣ ወዛ" እያላችሁ እንዳትሸወዱ። በጣቱ ተጫኑትና እዩት፣ ከጎደጎደ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።)

ከዚያ የምግብ ፍላጎት ሙከራ ነው የሚሉት መጣ። አንድ ፓኬት ይሰጣችኋል፣ ልጁ በፈቃዱ ይበላ እንደሆነ ሲስተሯ እያየች። የኛዋ አፏን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ አፏን ከፈት ላደርግ ስል ሲስተሯ እጄን ያዘችኝ። "አታስገድጃት፣ ጸጥ ያለ ቦታ ወስዳችሁ አጫውቷት፣ ውኃ እያስቀመሳችሁ" አለች። ጓሮ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አያቷ ጣታቸውን ታጥበው ትንሽ ቀቧትና ከንፈሯ ላይ አስነኳት። ላሰችው። እንደገና ላሰችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሩብ ፓኬት ያህል ገባላት፣ አለፈች። ብታልፍ ነው ቤት ሆና የምትታከመው፣ ባታልፍ ሆስፒታል ተኝታ በልዩ ወተት ነበር የሚጀመርላት።

ስለ ዕቃው ራሱ ልንገራችሁ። የለውዝ ቅቤ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ነው፣ 500 ካሎሪ። እንደ ፈረንጆቹ በ1996 አንድሬ ብሪዬንድ የሚባል ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው፣ እኛም አገር ይመረታል። ትልቁ ብልሃቱ ውኃ የለውም፣ ስለዚህ ጀርም አይራባበትም፣ አይበጠበጥም፣ አይፈላም። ድሮ እንዲህ የተጎዳ ልጅ ወተቱ በንጹሕ ውኃ መበጥበጥ ስላለበት ሳምንታት ሆስፒታል መተኛት ነበረበት። አሁን አያት ደጅ ላይ ተቀምጠው ያበሉታል።

ችግሩስ? በጣም ይጣፍጣል፣ በጣምም ያስጠማል። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ አጠገቧ መሆን አለበት። ጅማ ጠዋት ጠዋት ሲበርድ ደግሞ ይጠጥራል፣ ዘይቱም ለብቻ ይቆማል። አያቷ ፓኬቱን ብብታቸው ሥር ይዘው ቡና እስኪፈላ ያቆዩትና በእጃቸው አሽተው ጥጉን ይቆርጡታል፣ ያኔ እንደ ማር ይወጣል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰለቻት። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ በማድረግ አለፍነው። ገንፎ ውስጥ እንዳታቀላቅሉት፣ ምን ያህል እንደበላች ማወቅ አትችሉም።

ዋናው ፈተና ግን ማካፈል ነው። የኔ ልጅ 5 ዓመቱ ነው፣ ሽታው ይጠራዋል፣ የጎረቤት ልጆችም አሉ። አያቷ ደግሞ አንዱን ልጅ እያበሉ ሌላውን ማስራብ ነውር ነው ብለው ነው ያደጉት፣ ለሁሉም በጣት በጣት ያቀምሱ ነበር። ለእሷ በቀን 2 ተኩል ፓኬት ተብሎ ተሰጥቶ፣ በሁለተኛው ሳምንት ክብደቷ ምንም አልጨመረም። ሲስተሯ አልተቆጣችም። አያቷን አጠገቧ አስቀምጣ በኦሮምኛ ረጋ ብላ "ይሄ ምግብ አይደለም እማማ፣ መድኃኒት ነው። የአሞክሳሲሊኑን ሽሮፕ ለጎረቤት ልጅ አካፈሉ እንዴ?" አለቻቸው። አልመለሱም፣ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ለልጆቹ ቆሎ ይዤ ወደ ውጭ እወጣለሁ፣ እሳቸው ውስጥ ያበሏታል። በቀጣዩ ሳምንት 300 ግራም ጨመረች።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ገበያ ውስጥ አንድ ሱቅ ይሄንኑ ፓኬት ከብስኩት ጋር ደርድሮ ይሸጣል። ስሙን አልጠራም። "ለማን ነው?" ስለው "ልጅ ያወፍራል፣ ይፈልጉታል" አለኝ። በነጻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ እዚያ የተደረደረው እያንዳንዱ ፓኬት ከአንድ የተራበ ልጅ የጎደለ ነው። በ6ኛው ሳምንት እኛ "አልቋል" ተብለን የ3 ቀን ብቻ ይዘን የተመለስነው እየታወሰኝ አለቀስኩ። ካያችሁ አትግዙ።

ሌላ የማመሰግነው፣ ሲስተሯ ስለ ጨዋታ የነገረችን ነው። የተራበ ልጅ መጫወትም ይረሳል፣ አናግሩት፣ አጫውቱት አለችን። አያቷ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ጥሬ ቡና ጨምረው ክዳኑን በደንብ አጥብቀው አንሿሿላት። መጀመሪያ ዓይኗን ብቻ አንቀሳቀሰች። በሳምንቱ እጇን ዘረጋች። አሁን ሌሊት ሳይቀር እያንሿሿች ታስነሳናለች።

ስትወጣ 7.9 ኪሎ ነበረች፣ ክንዷ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ 12.6። ጥጋብ ነው መሰለኝ የሲስተሯን መነጽር ጎትታ ጣለችው።

ለምትሄዱ፦ የኛ ቀን ማክሰኞ ነው፣ የናንተን ጠይቁ። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ ወረፋው ይረዝማል። ካርዱን አትርሱ፣ ባዶ ፓኬቶቹንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ይቆጥሯቸዋል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ጡት ካለ መጀመሪያ ጡት፣ ከዚያ ፓኬቱ። እጅ በሳሙና።