ከፌዶራ ወደ ዴቢያን፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ላፕቶፔ ላይ ፌዶራን አጥፍቼ ዴቢያን 13 ከጫንኩ ወራት አልፈዋል። ሁለቱም የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነቶች ናቸው። ፌዶራ አስቀይሞኝ አይደለም። ፈጣን ነው፣ አዲስ ነገርም ቶሎ ይደርሰዋል። ያሰለቸኝም ይኸው ነው። በየ6 ወሩ ገደማ አዲስ እትም ይወጣል፤ አንዱ እትም የሚደገፈው ደግሞ ለ13 ወር ያህል ብቻ ነው። ወደዳችሁም ጠላችሁም በዓመት አንዴ ትልቁን አፕግሬድ ትጋፈጣላችሁ። መነካካት ለሚወድ ሰው ደስ ይላል። እኔ ግን ላፕቶፑን ለሥራ ነው የምፈልገው።

ዴቢያን በ2 ዓመት አንዴ ገደማ ነው አዲስ እትም የሚያወጣው። 13 የወጣው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ነው። ድሮ ዴቢያን ሲባል የዋይፋይ ፈርምዌር (መሣሪያውን የሚያሠራው ፋይል) ፍለጋ ትዝ ይል ነበር። ከ12 ጀምሮ ከመጫኛው ጋር አብሮ ስለሚመጣ ዋይፋዬ ወዲያው ሠራ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ሲጫን የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ አካውንት) ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ከሞላችሁት የራሳችሁ አካውንት ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትእዛዝ የሚያስኬደውን) መጠቀም አይፈቀድለትም። ባዶውን እለፉት፣ ሱዶ ተስተካክሎ ይጠብቃችኋል።

ትልቁ ልዩነት አፕዴት ላይ ነው። ፌዶራ ላይ ጥቂት ቀን ከዘገየሁ ዝርዝሩ ተርሚናሉን ሞልቶ ይፈስ ነበር። አሁን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ትንሽ የሴኩሪቲ ጥገና ነው። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 6.12 ነው፤ እየተጠገነ እዚያው 6.12 ላይ ይቆያል። ሌላው ልዩነት ቪዲዮ ማጫወት ነው። ፌዶራ በፓተንት የተነሳ አንዳንድ ኮዴኮችን (ቪዲዮና ድምፅ የሚፈቱ ፕሮግራሞችን) ስለማያካትት አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን የፕሮግራም ማከማቻ መጨመር የግድ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ማከማቻዎች እኩል እስኪራመዱ ጠብቁ! ዴቢያን ላይ ይህ ጣጣ የለም።

አማርኛ መጻፍ ላይ ልዩነት አላየሁም። ሁለቱም ላይ አይባስና ኤም17ኤን የሚባሉት የመጻፊያ ፕሮግራሞች ከተጫኑ ይበቃል።

ዋጋውስ? እርጅና ነዋ። ዴቢያን 13 ከግኖም 48 (ዴስክቶፑን የሚያሳየው ፕሮግራም) ጋር በወጣ በወሩ ግኖም 49 ብቅ አለ። የፌዶራ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ አገኙት፤ እኔ ቀጣዩ ዴቢያን እስኪመጣ 48 ላይ ነኝ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ አካባቢ ቀንቼ ነበር። ደግነቱ ባትሪ እንዳይጎዳ ቻርጁን 80 በመቶ አካባቢ የሚያቆመው አማራጭ 48 ላይም አለ፣ ላፕቶፑ ከደገፈው። ፋየርፎክሱም ረጅም ጊዜ የሚደገፈው እትም ነው፤ ለእኔ ምንም አላጎደለም። አዲስ እትም የግድ የሚያስፈልገኝን ፕሮግራም በፍላትፓክ (ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ በሚያመጣ ጥቅል) እጭናለሁ። ይሠራል፣ ግን ቦታ ይበላል። ዲስካችሁ ጠባብ ከሆነ ቶሎ ይሰማችኋል።

ላፕቶፓችሁ ገና ሰሞኑን የወጣ ሞዴል ከሆነ ግን አትቸኩሉ። የዴቢያን ከርነል ላያውቀው ይችላል። ከባክፖርትስ (አዳዲስ እትሞች ከሚገኙበት የዴቢያን ማከማቻ) አዲስ ከርነል መጫን ይቻላል፤ ያን ያህል ከመድከም ግን ለጊዜው ፌዶራ ላይ መቆየት ይሻላል።