የሚከፈልበት ባክአፕ ሶፍትዌር ወይስ ነፃው? ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ለምትገዙ

"ለመስሪያ ቤታችን ባክአፕ ልንገዛ ነው፣ ፕሮፎርማ ሰብስበናል፣ የቱ ይሻላል?" የሚል ጥያቄ በቴሌግራም ይመጣል፣ በስልክ ይመጣል፣ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁም ይመጣል፣ እና አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ለሶፍትዌር ፈቃድ ብር አታውጡ። ሊኑክስ ላይ ቦርግ ወይ ባሬኦስ የሚባሉትን ነፃ የባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ መያዣ) ሶፍትዌሮች ጫኑና ብሩን ዲስክ፣ ባትሪ እና ሌላ ከተማ የሚቀመጥ ቅጂ ላይ አውሉት። አልስማማም የምትሉ አንብባችሁ ጨርሱና ተቆጡኝ፣ አብሽሩ።

መጀመሪያ ብሩ። ትልልቆቹ የባክአፕ ሶፍትዌሮች የሚሸጡት በዶላር ነው፣ እኛ በጀት የሚያዝልን በብር ነው፣ ጉዱ እዚህ መሃል ነው ያለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ ነበር፣ ገበያው ተለቆ ዓመት ሳይሞላው ከ130 አለፈ። ያኔ 57,000 ብር ይወጣበት የነበረ የ1,000 ዶላር ፈቃድ አምራቹ ሳንቲም ሳይጨምርበት ከ130,000 በላይ ሆነ ማለት ነው፣ 15 በመቶ ቫት ስትጨምሩበት ደግሞ 150,000 አካባቢ፣ ያውም ዶላሩ ከተገኘ። አንዴ ከፍሎ መገላገልም የለም፣ ሳፖርቱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ብዙዎቹማ ጭራሽ ወደ ዓመታዊ ክፍያ ዞረዋል። ዘንድሮ በጀት ተረፈ ብሎ ሰኔ ላይ ተጣድፎ የገዛ መስሪያ ቤት ለከርሞ ማን ያድስለታል?

ሂሳቡም ራሱ ድብብቆሽ ነው። በቴራ (በቴራባይት፣ በዳታው መጠን) የሚቆጠረው ፈቃድ ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ ፍሮንት ኤንድ የሚሉት፣ ባክአፕ የሚደረገውን ዋናውን ዳታ ይቆጥራል፣ ሌላው ባክ ኤንድ የሚሉት፣ ባክአፑ ዲስክ ላይ የያዘውን ቦታ ይቆጥራል። ዳታችሁ 4 ቴራ ሆኖ የብዙ ወር ቅጂ የምታስቀምጡ ከሆነ በሁለተኛው ስትቆጠሩ ሂሳቡ እያበጠ ይሄዳል፣ ተደጋጋሚ ፋይል የበዛበት ሆኖ ሶፍትዌሩ በደንብ የሚጨምቀው ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ሊረክስላችሁ ይችላል። ሻጩ ፕሮፎርማው ላይ "በቴራ" ብሎ ብቻ ከጻፈ በየትኛው ቴራ ብላችሁ በጽሁፍ አስመልሱት። የግዥ ኮሚቴ ዝቅተኛ ዋጋ ብሎ ሲመርጥ ይቺ መስመር ነች የምታስበላው።

አንድ የደሴ ልጅ ጓደኛ አለኝ፣ ውጭ ሀገር ትልቅ ባንክ ውስጥ ባክአፕ ላይ ነው የሚሰራው፣ በተገናኘን ቁጥር "እናንተ ቤት የምትጭኗት ነገር መጫወቻ ነች" ይለኛል። እሱ ጋ ባክአፕ ሰርቨሩ ያለው አይቢኤም ሜይንፍሬም (ትልልቅ ድርጅቶች የሚይዙት ግዙፍ ኮምፒውተር) ላይ በተጫነ ሊኑክስ ነው፣ ሶፍትዌሩ ያ የድሮው ቲቮሊ ስቶሬጅ ማኔጀር (ቲኤስኤም) ነው፣ በፈረንጅ 2015 ስፔክትረም ፕሮቴክት ተባለ፣ በ2023 ደግሞ ስቶሬጅ ፕሮቴክት (ስሙ ሲቀያየር ዋጋው የሚወርድ እንዳይመስላችሁ)። እውነቱን ለመናገር እዚያ ስሌቱ ያስኬዳል። ሊኑክሱ የሚሄደው አይኤፍኤል በሚባሉ ለሱ ብቻ በተለዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ነው፣ ብዙ ሊኑክስ አንድ ማሽን ውስጥ ዚቪኤም በሚባል ማሽኑን በሚያከፋፍል ሶፍትዌር ላይ ይደረደራል፣ ባክአፕ ሰርቨሩም እዚያው ጎናቸው ስላለ ዳታው ሂፐርሶኬትስ በሚባል የማሽኑ የውስጥ ኔትወርክ፣ በሜሞሪ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ስዊች የለ፣ ገመድ የለ። ፈቃዱ በኮር ሲሰላ አንድ አይኤፍኤል 120 ፒቪዩ (የአይቢኤም የፈቃድ መቁጠሪያ ነጥብ) ይቆጠራል፣ ተራ የኢንቴል ሰርቨር ኮር ብዙ ጊዜ 70 ነው፣ እና በኮር ሲታይ ውድ ቢሆንም ጥቂት ኮር ብዙ ስራ ስለሚሸከም ያዋጣቸዋል። ኮምቦልቻ ፓርክ ያለ ፋብሪካ ወይ ደሴ ያለ ኮሌጅ ግን ሶስት ሰርቨርና ሃያ ሰላሳ ዴስክቶፕ ይዞ የዚያን ሶፍትዌር ፈቃድ ልግዛ ሲል ምን እንደሚያተርፍ አይታየኝም። ፕሮፎርማ የሚያመጡላችሁ ሰዎች ግን "ባንኮች የሚጠቀሙት ነው" ብለው ነው የሚሸጡት።

ከዋጋውም በላይ እኔን የሚያስፈራኝ ነገር አለ። የቲኤስኤም ሰርቨር ከቨርዥን 6 ወዲህ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቀው ዲቢ2 ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ያ ዳታቤዝ ከጠፋ፣ የሱ ባክአፕ ከቮሊዩም ሂስትሪውና ከዲቫይስ ኮንፊግ ፋይሉ ጋር ለብቻ ካልተቀመጠ፣ ቴፑም ዲስኩም ሙሉ ሆኖ ምንም አይነበብም። ባንክ ቤት ይሄን ብቻ የሚከታተል የሰለጠነ ሰው አለ፣ እኛ ጋ ግን አይቲው ፕሪንተር ይጠግናል፣ ኔትወርክ ይዘረጋል፣ የስራ ሂደት መሪውን ፓወር ፖይንትም ይሰራል። ባሬኦስ ጋ ካታሎጉ (የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚይዘው ዝርዝር) ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው፣ እሱም ቢጠፋ ግን ቢስካን በሚባለው ትዕዛዝ ቮሊዩሞቹን (ባክአፑ የተጻፈባቸውን ፋይሎች ወይ ቴፖች) እያነበባችሁ ካታሎጉን መልሳችሁ ትገነባላችሁ፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሆናል። ቦርግ ደግሞ ሁሉንም ነገር እዚያው ማስቀመጫው ውስጥ ነው የሚይዘው፣ ዲስኩን ነቅላችሁ ሌላ ሊኑክስ ላይ ሰክታችሁ ታወጣላችሁ። ፓስወርዱን ግን ከረሳችሁት አበቃ፣ የሚያድናችሁ የለም፣ ስለዚህ ፓስወርዱንም ኪውንም (ባክአፑ የተቆለፈበትን የቁልፍ ፋይል) ወረቀት ላይ አትማችሁ ካዝና ውስጥ አስቆልፉት። ለቲኤስኤም አንድ ነገር አልነፍገውም፣ መጀመሪያ አንዴ ሙሉውን ወስዶ ከዚያ በኋላ ለዘላለም የተቀየረውን ብቻ የመውሰድ አሰራሩ ቆንጆ ነው። ቦርግም ግን ፋይሉን ቆራርጦ አዲሱን ቁራጭ ብቻ ስለሚያስቀምጥ እናንተ ጋ ውጤቱ ያው ነው፣ ሌሊቱን መብራት ሳይጠፋ ይጨርሳል።

"እኛማ ክራኩን (ያለ ክፍያ የተሰበረውን ፈቃድ) አግኝተናል" የምትሉም አላችሁ። አንድ መስሪያ ቤት አውቃለሁ፣ ስሙ ይቅር፣ ኦርጅናል ነው ተብሎ በደረሰኝ ገዙ፣ የሚጭነው ልጅ መጀመሪያ ያለው "አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ" ነበር፣ እዚያ ላይ ነበር ማስቆም። ሰርቨሩ ሲሞት አዲስ ማሽን ላይ ሲጭኑት ፈቃዱን አልቀበልም አለ፣ ወደ አምራቹ ሲጽፉ ቁልፉ የሌላ ሀገር ድርጅት ሆኖ ተገኘ፣ የባክአፑ ፋይል ደግሞ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ በሌላ ፕሮግራም አይከፈትም። ፔሮሉ ከወረቀት ላይ እየተለቀመ እንደገና ተጻፈ። ነፃው ሶፍትዌር ክራክ የለውም፣ የሚሰረቅ ነገር ስለሌለው። ይሄ ብቻውን ለኔ ይበቃኛል።

አሁን የተረፈውን ብር የምታወጡበት፣ ዲስክ። እዚህ ነው ሰው የሚበላው። ገበያ ላይ "16 ቴራ ኤስኤስዲ" እየተባለ በስልክ ዋጋ የሚሸጠው ትንሽዬ ነገር ውስጡ ሚሞሪ ካርድ ነው፣ ኮምፒውተሩ 16 ቴራ ብሎ ያሳያችኋል፣ ስትጽፉበት ይቀበላል፣ ከሞላ በኋላ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ እየጻፈ ነው። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ሙሉውን ጽፎ መልሶ ያነባል፣ ትልቅ ዲስክ ላይ ከቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ይፍጅ፣ "መመለስ ይቻላል?" ብላችሁ ሻጩን ከደረሰኙ ጀርባ አስፈርሙት። ዋጋ ስታወዳድሩ በቴራ አካፍሉ፣ 8 ቴራ በ72,000 ቢላችሁ ቴራው 9,000 ነው፣ የጎረቤቱ 4 ቴራ በ30,000 ከሆነ ቴራው 7,500 ነው፣ የረከሰው ግን ለምን እንደረከሰ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኤስኤምአር ነው፣ ትራኩ በላይ በላዩ የተደራረበ ዲስክ፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ ዳታ ሲጻፍበት እየተንቀራፈፈ ይሄዳል፣ ሬድ (ብዙ ዲስክ እንደ አንድ የሚሰራበት አሰራር) ውስጥ ካስገባችሁት አንዱ ሞቶ ሌላ ስትተኩ ያሰቃያችኋል። በፈረንጅ 2020 ዌስተርን ዲጂታል ራሱ ለናስ (ኔትወርክ ላይ ለሚሰካ ማስቀመጫ) የሚሸጣቸውን "ሬድ" (ቀይ) የሚል ስም ያላቸውን አንዳንድ ዲስኮች ሳይናገር ኤስኤምአር ማድረጉ ወጥቶበት ነበር። ፕሮፎርማው ላይ "ሲኤምአር" (ትራኩ ያልተደራረበ) የሚል ቃል ይጻፍ።

ሌላው ያገለገለ ዲስክ ታጥቦ አዲስ ተብሎ ሲሸጥ ነው። የሰራበት ሰዓት የሚታይበትን ስማርት ወደ ዜሮ ይመልሱታል። በፈረንጅ 2025 መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ የሲጌት ዲስኮች በዚህ መልክ አዲስ ተብለው ሲሸጡ የተጋለጠው ፋርም የሚባለው ሌላው መዝገብ ሳይጠፋ በመቅረቱ ነው። ስማርትሞንቱልስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም 7.4 እና ከዚያ በላይ ሲጌት ላይ ፋርምን ያነብላችኋል፣ ሁለቱ ሰዓት ካልተስማማ ዲስኩን መልሱ። ዩዝድ አትግዙ እያልኩ አይደለም፣ እኔ ራሴ እገዛለሁ፣ ግን ዩዝድ በዩዝድ ዋጋ።

የኪስ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ለሚወዱ ደግሞ፣ ብዙዎቹ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳው ከዲስኩ ቦርድ ጋር አብሮ የተበየደ ነው፣ ቀዳዳው ሲሰበር ነቅላችሁ በሌላ ሳጥን ልታነቡት አትችሉም። ቦርድ መቀየርም ስክሪው ፈትቶ መግጠም ብቻ አይደለም፣ ከአሮጌው ቦርድ ላይ ሮሙ (የዲስኩን የራሱን መረጃ የያዘው ቺፕ) ተነቅሎ መዛወር አለበት፣ ይሄን በብየዳ የሚችሉ ልጆች ደሴም አሉ። የተበላሸው የዲስኩ ሄድ (የሚያነበው ክፍል) ከሆነ ግን ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን ልክፈት የሚላችሁን ሰው እጁን ያዙት፣ አቧራ ከገባበት በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ማሽኑን በተመለከተ ዩዝድ ራክ ሰርቨር ረከሰ ብላችሁ አትግዙ። ሁለት ፕሮሰሰር ያለው አሮጌ ራክ ስራ ሳይኖረውም ከ100 ዋት በላይ ይበላል፣ በ100 ብቻ ብናሰላው በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ዩዝድ ዴስክቶፕ ታወር በ30 ዋት ወደ 22 ነው የሚሄደው። መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱ የሚይዝላችሁ በዚያው ልክ ነው። ዩፒኤስ ካነሳን፣ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ኦርጅናሉ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ፎርጅዱ ይቀላል፣ ሱቁ ውስጥ የስኳር ሚዛን ካለ ጫኑበት፣ ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ብዙ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይሰራሉ ተብለው ነው የሚሸጡት፣ ጉጉፍቱን የመሰለ ደጋ ላይ ቢሮ ያላችሁ የዲስኩን ወረቀት ሳታዩ እንዳትገዙ።

ክላውድ የሚሉኝ አሉ። በየወሩ በዶላር ተከፍሎ፣ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ክልሉ ላይ ሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ስንቀመጥ በምን ልታወርዱት ነበር? በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ስንት መስሪያ ቤት ኮምፒውተሩ እንደተዘረፈ ሁላችንም እናውቃለን፣ ባክአፑ ሰርቨሩ ጎን የተቀመጠበት ቤት ሁለቱም አብረው ሄዱ። ስለዚህ እኔ የማስገዛቸው ሁሌ ሶስት ዲስክ ነው፣ አንዱ ማሽኑ ላይ፣ ሁለቱ በየሳምንቱ የሚቀያየሩ፣ ደሴ ያለው ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ ያለው ደሴ ይልካል፣ የሚቻል ከሆነ ደግሞ አንዱ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት። ቦርግ ኢንክሪፕት ስለሚያደርገው (በፓስወርድ ስለሚቆልፈው) ሚኒባስ ላይ ቢረሳ የሚጠፋው ዲስኩ ነው። የሶስቱ ዲስክ ዋጋ ደግሞ ከአንዱ ፈቃድ የዓመት እድሳት ጋር አስተያዩት።

ቦርግ ወይስ ባሬኦስ ላላችሁኝ፣ ከአምስት ስድስት ማሽን በታች ከሆነና ሁሉም ሊኑክስ ከሆነ ቦርግ፣ ዊንዶውስ ከተቀላቀለበት፣ ማሽኑ ከበዛና ማን መቼ ባክአፕ እንደተደረገ ከአንድ ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ ባሬኦስ። ባሬኦስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮንፊግ ስታደርጉት ያናድዳል፣ ፋይሎቹ ብዙ ናቸው፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን ዝም ብሎ ይሰራል።

ቴፕ የሚፈልግ ካለ ባሬኦስን ይዞ ነው መሄድ ያለበት። ዩዝድ ኤልቲኦ (የባክአፕ ቴፕ ዓይነት) ሲሸጡላችሁ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር አትመኑ፣ እሱ ይጨመቃል ተብሎ የተገመተ ነው፣ ኤልቲኦ 5 እውነተኛው 1.5 ቴራ ነው፣ ኤልቲኦ 6 ደግሞ 2.5። ድራይቩ ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ሁለት ነው፣ ፋይበር ቻናልና ሳስ፣ የፋይበር ቻናሉን ድራይቭ ከሳሱ ረክሶ ታገኙታላችሁ፣ ካርዱንና ገመዱን ስትጨምሩበት ግን ልዩነቱን ይበላዋል፣ ሳሱን ግዙ፣ ካርዱም ሬድ ካርድ ሳይሆን ተራ ኤችቢኤ (በቀጥታ የሚያገናኝ ካርድ) ይሁን። ኤልቲኦ 8 ድራይቭ የሚያነበው ወደኋላ ኤልቲኦ 7ን ብቻ ስለሆነ ከዚያ የቆየ ቴፕ ያላችሁ እሱን ገዝታችሁ ያነብልናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ዳታችሁ ከ10 ቴራ በታች ከሆነ የድራይቩ ብር አይመለስም፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ክሊኒንግ ካርትሪጁን አብሮ እንዲሰጣችሁ ተከራከሩ፣ ሻጩ እፊታችሁ አንድ ቴፕ ሙሉ ጽፎ መልሶ ካላነበበላችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።