ኤምአርኢ ስትገዙ፦ የወታደሩ ወይስ የሲቪሉ?

እኛ አገር የወታደር ስንቅ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ኮቾሮ ነው። አሁን ግን ተራራ የሚወጣውም፣ ረጅም መንገድ የሚነዳውም ኤምአርኢ (MRE) የሚባለውን ቡናማ የአሜሪካ ጦር የተዘጋጀ ምግብ እሽግ ይፈልጋል። መርካቶ ገብታችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ አንድ ነው፦ «ኦሪጂናል የወታደር ነው!» ሁሌ እውነት አይደለም።

መለየቱ ብዙም አይከብድም። የወታደሩ ወፍራም ፕላስቲክ ላይ የምግቡ ቁጥርና ስም አለ። የአሜሪካ መንግሥት ንብረት እንደሆነና ለንግድ መሸጥ ክልክል እንደሆነም ተጽፎበታል። ቁጥሩ ከ1 እስከ 24 ነው፤ አንድ ካርቶን 12 ይይዛል። የሲቪሉ ላይ ደግሞ እንደ ሹር ፓክ ወይም ኤ ፓክ ያለ የንግድ ስም ታያላችሁ። የሁለቱም አምራቾች ለጦሩ የሚያቀርቡት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የሲቪሉን «ፌክ ነው» ብላችሁ አትናቁት።

ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የወታደሩ አንድ እሽግ በአማካይ 1,250 ካሎሪ አለው፤ ማሞቂያም አይጎድለውም። የሲቪሉ እንደየዓይነቱ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ማሞቂያ የለውም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ማሞቂያው ውሃ ሲነካው ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣልና ድንኳን ውስጥ ሻማ አጠገብ እንዳትከፍቱት።

ዋናው ጉዳይ ግን ቀኑ ነው። እኔ ባለፈው ክረምት 3045 የሚል ኮድ ያለበት አንድ ፍሬ የወታደር እሽግ ገዛሁ። የመጀመሪያዋ አሃዝ የፈረንጁ ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ናት። ሦስቱ ደግሞ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። 45ኛው ቀን በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 14፣ በኛ የካቲት 7 ነው። 2023 ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ስቀደው የሚቀባው አይብ እንደ ቡና ጠቁሯል፣ ዘይቱም ለብቻው ተለይቷል። ለካ 3 ማለት 2013ም ሊሆን ይችላል!

ካርቶኑን ባየው ኖሮ አልሸወድም ነበር። የታሸገበት ወርና ዓመት እዚያ ላይ አለ። ከሱ ጎን የምርመራ ቀን ታያላችሁ፤ ሻጮች «ማብቂያው ነው» ይሉታል፣ ግን አይደለም። ዕቃው እንደገና የሚፈተሽበት ጊዜ ነው።

ሙቀቱንም አስቡ። ይህ ምግብ በ27 ዲግሪ ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል፤ በ38 ዲግሪ ግን 6 ወር ብቻ። የአዲስ አበባ አየር ይስማማዋል። ግን በጅቡቲ በኩል ከመጣ ኮንቴይነር ውስጥ ስንት ቀን ፀሐይ እንደመታው ማን ያውቃል? የወታደሩ ካርቶን ላይ ለዚሁ ክብ ምልክት ተለጥፏል። መሃሉ ከዙሪያው ቀለበት ከጠቆረ ሙቀት በልቶታል፤ ተዉት።

እኔ ያልተከፈተ ካርቶን ካገኘሁና ምልክቱ ደህና ከሆነ የወታደሩን እገዛለሁ። በነጠላ ከሆነ ግን ሙሉ ቀን የታተመበትን የሲቪል እመርጣለሁ፣ ካሎሪው ቢያንስም።

ለጾም የምትገዙ ደግሞ ሥጋ የለውም ስለተባለ ብቻ አትውሰዱ። ሥጋ የሌለው እሽግ ውስጥም አይብ ይኖራል። የአሳማ ሥጋ ያለባቸውም አሉ፤ የእያንዳንዷን ከረጢት ጽሑፍ አንብቡ፣ ካልገባችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ።