ያገለገለ የኮሌጅ መጽሐፍ፦ ለካምፓሱ መጽሐፍ መደብር ወይስ ለሌላ ተማሪ?

መደብሩ ጋ ያለው ጥሩ ነገር ፍጥነቱ ነው፣ መጽሐፉን ትሰጣቸዋለህ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ባርኮድ ስካን ያደርጋሉ፣ ዋጋው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ከተስማማህ ገንዘብህን ይዘህ ትወጣለህ በቃ። ግን ዋጋውን የሚወስነው የመጽሐፉ ንጽህና ብቻ እንዳይመስልህ፣ ዋናው መምህሩ ለሚቀጥለው ተርም ያንኑ መጽሐፍ አዟል ወይ የሚለው ነው። ካዘዘና መደብሩም ኮፒ ካነሰው እስከ ግማሽ ዋጋ ሊደርስ ይችላል፣ የሚፈልጉትን ያህል ከሰበሰቡ በኋላ ግን ያው መጽሐፍ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ፈተና እንደጨረስክ ቶሎ ሂድ። አዲስ ኤዲሽን ከወጣማ አለቀለት፣ ወይ ሳንቲም ይወረውሩልሃል ወይ ጭራሽ አይቀበሉህም።

ለተማሪ በቀጥታ ስትሸጥ መሀል ገብቶ ትርፍ የሚወስድ የለም። መደብሩ ከሚሰጥህ በላይ፣ ያገለገለውን ከሚሸጥበት ደግሞ በታች ብትጠራ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ። ጣጣው ነው እንጂ! ፎቶ አንሳ፣ «መጨረሻው ስንት ነው?» ለሚለው ሁሉ መልስ፣ ቀጥሮህ የሚቀረውን ጠብቅ (እሱ ነው በጣም የሚያናድደው)። ገዢ የሚበዛውም ተርም ሲጀምር ስለሆነ እስከዛ መጽሐፉ አንተው ጋ ይቀመጣል። ፖስት ስታደርግ ባለ 13 ዲጂቱን አይኤስቢኤን (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) ጻፍ፣ የኦንላይን አክሰስ ኮዱን (ከመጽሐፉ ጋር የሚመጣውን፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ተጨማሪ ትምህርት የሚከፍተውን ኮድ) ተጠቅመህበት ከሆነም አትደብቅ፣ ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሰራው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ መደብሩን ዋጋ እጠይቃለሁ፣ መጠየቅ አያስከፍልም። ግማሽ አካባቢ ካሉኝ እዛው ሸጬ እገላገላለሁ፣ ከዛ በጣም ከወረደ ለተማሪ።