የዋሽንግተን ዲሲ የ911 የነርስ መስመር፦ አምቡላንስ ለማያስፈልገው ሕመም የተሰጠ መልስ

በዋሽንግተን ዲሲ 911 ደውሎ የሕክምና ርዳታ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ አምቡላንስ አይላክም። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ፣ ጥሪውን የተቀበለው ሠራተኛ ሕመሙ ለሕይወት የማያሰጋ መስሎ ከታየው ደዋዩን ከነርስ ጋር ያገናኘዋል። ነርሷም ጠይቃ ከተረዳች በኋላ ወይ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን ትነግረዋለች፣ ወይ በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ትመራዋለች፣ ነገሩ መጀመሪያ ከተነገረው የከፋ ሆኖ ካገኘችው ደግሞ ወደ አምቡላንስ ትመልሰዋለች። ሜዲኬይድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና መድን) ያለው ሰው ወደ ክሊኒኩ የሚወስደው መኪና ያለ ክፍያ ሊላክለት ይችላል። አገልግሎቱ «ራይት ኬር፣ ራይት ናው» (ተገቢው ሕክምና፣ አሁኑኑ) ይባላል። በርካታ አማርኛ ተናጋሪ በሚኖርበት በዚህ ከተማ ስለ መስመሩ የሚያውቅ ወገን ጥቂት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለታመሙ ዘመዴ ብዬ 911 ደውዬ ያየሁትንና በአምቡላንስ ላይ ከሚሠሩ ወዳጆቼ የሰማሁትን አንድ ላይ መመዘን ፈለግሁ።

የመስመሩ ጥቅም ይበልጥ የሚገባው የአምቡላንስ ሠራተኞችን ምሬት ለሰማ ሰው ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች አንድ ቡድን የተጠራበትን በሽተኛ «ይህ ለአምቡላንስ አይበቃም» ብሎ ትቶት መሄድ አይችልም፤ ሰውየው ሆስፒታል መሄድ እፈልጋለሁ ካለ፣ ጥርሱን ይመመው ወይም ሳምንታት የቆየ ሳል ይኑረው፣ ይወስዱታል። ሆስፒታሉ ከተጨናነቀ ደግሞ አልጋ እስኪገኝና በሽተኛውን እስኪያስረክቡ ድረስ ኮሪደር ላይ ይቆማሉ፤ ይህንንም በራሳቸው ቋንቋ «ግድግዳ መያዝ» ይሉታል። እነርሱ ግድግዳ በያዙበት ሰዓት፣ ጣቢያቸው አጠገብ ልቡ የቆመ ሰው ቢኖር የሚደርስለት ከሌላ ሠፈር የሚነሣ መኪና ነው። ምሬታቸው ከዚህ ይጀምራል፣ በእኔ እምነትም ተገቢ ነው።

ከምሬቱ የተወለደው አነጋገር ግን አደጋ አለበት። ደጋግሞ የሚደውለውን ሰው፣ አየር መንገዶች ለዘወትር ተሳፋሪዎቻቸው በሚሰጡት ስም፣ «ፍሪኩዌንት ፍላየር» ይሉታል። ልብሱን ሸክፎ በር ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ሲያጋጥማቸው ደግሞ፣ የምርመራ ውጤት እንደሚያነብ ሐኪም፣ «ሱትኬዝ ሳይኑ ፖዘቲቭ ነው» ይባባላሉ፤ ሻንጣ ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኘ ሰው ብዙም አልታመመም ማለታቸው ነው። ቃላቱ ከድካም የመጡ መሆናቸውን እረዳለሁ፤ ነገር ግን የምቃወማቸው ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም። ስም የወጣለት በሽተኛ በአዲስ ዓይን አይመረመርም። የደም ስኳሩ የወረደ ሰው ምላሱ ይተሳሰራል፣ ይንገዳገዳል፣ ይቆጣል፤ በመጠጥ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ «ዛሬም ጠጥቷል» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሻንጣውም ቢሆን ስለ ሕመሙ ልክ ምንም አይናገርም። የእኛ አዛውንቶች ሐኪም ቤት መሄድ ማለት ማደር ነው፣ ልብስና ምግብም ከቤት ይሄዳል በሚባልበት አገር የኖሩ ስለሆኑ፣ ደረታቸውን እየወጋቸው እንኳ ጋቢያቸውን ሳይዙ ከቤት አይወጡም።

የነርስ መስመሩ የሚመሰገነው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛውን በስብከት ከማረም ይልቅ ምሬቱን የሚፈጥረውን ጉዞ ራሱን ይቀንሳል፤ ደዋዩም «ለምን ጠራኸን?» በሚል ፊት ፋንታ የሚጠይቀው ባለሙያ ያገኛል። በዕድሜ ለገፉት ዘመዴ ብዬ 911 በደወልኩ ጊዜ ነርሷ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ከመስማቷ በፊት ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ደረት ሕመምና ስለ አካል መደንዘዝ አንድ በአንድ ጠይቃ አጣርታለች፤ ከዚያ በኋላ የነገረችንም ግልጽና የሚያጽናና ነበር። አምቡላንስ ቢመጣ ኖሮ ምናልባት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሒሳብ ይከተል ነበር፤ ደግሞም በአምቡላንስ የደረሰ ሰው ቀድሞ ይታያል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። የድንገተኛ ክፍሎች በሽተኛን የሚያስቀድሙት በሕመሙ ክብደት፣ በብዛትም ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ለይተው ስለሆነ፣ በአምቡላንስ የመጣ ቀላል ሕመምተኛም ወደ መጠበቂያው ወንበር ሊላክ ይችላል።

ድክመቱ የሚታየኝ በቋንቋ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪው አስተርጓሚ ማቅረብ ስላለባቸው አማርኛ መጠየቅ መብት ነው፤ ሆኖም በስልክ የሚደረግ ትርጉም እያንዳንዱን ጥያቄና መልስ እጥፍ ያስረዝማል። ከዚያም በላይ፣ ነርሷ በሽተኛውን አታየውም። እናቶቻችን «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ አስቀድመው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚሉ ናቸው፤ ፊታቸውን የሚያይ ሰው ሕመሙን ያነብባል፣ ድምፃቸውን ብቻ የሚሰማ ግን ቃላቸውን ሊያምን ይችላል። ስለዚህ አጠገባቸው ያለ የቤተሰብ ሰው ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጎ፣ መቼ እንደጀመራቸው፣ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚወስዱና ከትናንት ምን እንደተለወጠ በራሱ ዓይን ያየውን ቢጨምር መልካም ነው። ከተማውም ስለ መስመሩ የሚያስረዳ የአማርኛ ጽሑፍ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየሐበሻ ገበያው ቢያደርስ ብዙ ይጠቅማል።

እነዚህን ጉድለቶች ይዤም ለአገልግሎቱ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ደረት የሚያስጨንቅ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የሰውነት አንድ ጎን መዛል ወይም የማይቆም ደም ካለ ግን ጥሪውን ለተቀበለው ሰው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነገረው፤ እንዲህ ያለው ሕመም አምቡላንስ እንጂ የስልክ ምክር አይጠብቅም። አገልግሎቱ በዲሲ ወሰን ውስጥ ለሚደወል ጥሪ ብቻ መሆኑም ይታወቅ፤ ከዲሲ ወሰን ውጭ ባሉት ጎረቤት ከተሞች፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ሆኖ 911 የሚደውል ሰው የሚያገኘው የራሱን አካባቢ የጥሪ ማእከል ስለሆነ፣ እዚያ ያለውን አሠራር አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።